አበበን «በበ» ያደረገው ማን ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። አዳማ የምሠራ ጀማሪ ፕሮግራመር ነኝ። ከደንበኞች ስም ፊት «አቶ» የሚለውን ከክፍት ቦታው ጋር ለማንሳት፣ ከጽሑፍ ፊት ፊደላትን የሚያነሳውን የፓይተንን ኤልስትሪፕ ተጠቀምኩ። ከበደ ደህና ወጣ። አበበ ግን «በበ»፣ ቶሎሳም «ሎሳ» ሆኑብኝ! ሄልፕ በሚለው የፓይተን ትእዛዝ ማብራሪያውን ባነበው ምንም ማስጠንቀቂያ የለውም። ማብራሪያው ላይ ማስጠንቀቂያ እንዲጨመር ሐሳብ ማቅረብ ይቻላል? እንግሊዝኛዬ ደግሞ ብዙም አይደለም።

መልስ፦ ፓይተን የታዘዘውን ነው ያደረገው። ኤልስትሪፕ የሰጠኸውን እንደ አንድ ቃል አያየውም፤ ፊደል በፊደል ነው የሚያየው። «አ»፣ «ቶ» ወይም ክፍት ቦታ እስካገኘ ድረስ ከግራ እየለቀመ ይሄዳል። ስለዚህ ክፍት ቦታውን አልፎ የአበበንም «አ» በላው። «በ» ላይ ሲደርስ ቆመ። ከበደ የተረፈው በዕድሉ ነው። የዚህ ነገር ክፋቱም እሱ ነው፤ ጥቂት ስሞች ሞክረህ ሁሉም ልክ ሊወጣልህ ይችላል።

ለሥራህ የሚሆንህ የሰጠኸውን እንደ ሙሉ ቃል ከፊት የሚያነሳው ሪሙቭፕሪፊክስ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. በወጣው ፓይተን 3.9 ተጨመረ። የተጨመረውም ሰዎች ልክ እንዳንተ በኤልስትሪፕ እየተደናገሩ ስላስቸገሩ ነው። የስም ዝርዝሩን ግን ከዋናው ፋይል እንደገና አውጣው። የጠፋውን ፊደል በግምት አትመልስ። «በራ» ሆኖ የቀረው ሰው አበራ ይሁን ድሮም በራ፣ በምን ታውቃለህ?

አሁን ወደ ማብራሪያው። ፓይተን ለአንድ ነገር ሁለት ማብራሪያ አለው። ረጅሙ ድረ ገጹ ላይ ያለው ነው። እዚያ ማስጠንቀቂያው በግልጽ ተጽፏል፤ ምሳሌም አለው። ከ«አርተር» ስም ቀጥሎ የመጣው «ሦስት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ሦስት ፊደሎቹን ሲያጣ ያሳያል። ወደ ሪሙቭፕሪፊክስም ይመራሃል። አንተ ሄልፕ ብለህ ያነበብከው አጭሩን ነው። እሱ በ3.12 የሚለው ይህን ያህል ነው፦ ከፊት ያለው ክፍት ቦታ ይነሳል፤ ፊደላት ከሰጠኸው በምትኩ እነሱን ያነሳል። ውሸት የለበትም። ግን ቀድሞ ለገባው ሰው ነው የሚገባው። ለእኔ እንዲህ ያለ ማብራሪያ ገና አላለቀም።

ስለዚህ ሐሳብህ ጥሩ ነው፤ አጭር ይሁን እንጂ። ሄልፕ የሚል ሰው ድርሰት አይፈልግም። አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃል፦ ሙሉ ቃል ከፊት ለማንሳት ሪሙቭፕሪፊክስን ተመልከት። በቃ።

መጀመሪያ ኮድ በጋራ በሚሠራበት ድረ ገጽ፣ ጊትሀብ ላይ የፓይተንን ገጽ ከፍተህ ጉዳዩን ሌላ ሰው አንስቶት እንደሆነ ፈልግ። ካልተነሳ አንተ አንሳው። የተጠቀምክበትን የፓይተን ቁጥር፣ ያስገባኸውን፣ የወጣውን፣ የጠበቅከውን ጻፍ። እዚህ ላይ አበበን ተወው። ፊደላችንን የማያነብ ገምጋሚ ምን እንደጎደለ አይታየውም። ይልቅ በእንግሊዝኛ «ሚስተር ማርክ» ብለህ፣ ሚስተርን በአጭሩ በኤም፣ በአር እና በነጥብ ጻፈው። የማርክም ኤም አብሮ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ምሳሌ ካለህ እንግሊዝኛህ አያሳስብህ። ሰዋስዉን እነሱ ያቃኑታል።

ራስህ ላስተካክለው ካልክ አንድ ነገር ልብ በል። የድረ ገጹ ጽሑፍ ዶክ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ነው፤ በማንኛውም ኤዲተር ይነካል። አጭሩ ግን በሲ ቋንቋ በተጻፈው ኮድ መሃል ነው የተቀመጠው። ሲ ማወቅ የለብህም። ዐረፍተ ነገሩን ጨምረህ «ሜክ ክሊኒክ» የሚለውን ትእዛዝ ካላስኬድክ ግን ማብራሪያውን የያዘው ተያያዥ ፋይል አይታደስም። ፑል ሪኩዌስቱን፣ ማለትም ለውጥህ እንዲገባ የምታቀርበውን ጥያቄ፣ ስትልክ ደግሞ የአስተዋፅኦ ስምምነት እንድትፈርም ትጠየቃለህ። ኦንላይን ነው፤ አትደንግጥ።

እምቢ ሊሉህም ይችላሉ። አጭሩ ማብራሪያ አጭር ሆኖ ይቅር የሚል ገምጋሚ አይጠፋም፤ ክርክሩም ፍሬ አልባ አይደለም። ያኔ ከመሟገት ይልቅ «ታዲያ የት ቢገባ ይሻላል?» ብለህ ጠይቀው።