ሚሳኤል ሲነሳ ከሰማይ ማን ያያል?

በዚህ እትም ስለ ሚሳኤል ማንቂያ ሳተላይት የደረሱንን ጥያቄዎች እንመልሳለን። ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የምኖረው አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። በበክሊ የጦር ሰፈር አጠገብ ሳልፍ ግዙፍ ነጫጭ ኳሶች አያለሁ። ምንድን ናቸው?

መልስ፦ ያዩዋቸው ኳሶች ሽፋን ናቸው፤ ውስጣቸው ዲሽ አለ። ሽፋኑ የሬዲዮ ሞገድ ያሳልፋል፤ በረዶና ንፋስ ግን ይከላከላል፣ ዲሹ ወዴት እንደዞረም ከውጭ አያሳይም። አሜሪካ የሚሳኤል ማንቂያ ሳተላይቶቿን የምትከታተለው ከዚሁ ሰፈር ነው። ጃንዋሪ 8 ቀን 2020 ኢራን ኢራቅ ውስጥ ያለውን የአል አሳድ ሰፈር ስትደበድብ ሚሳኤሎቹ መነሳታቸውን ያስታወቁት በክሊ ተረኛ የነበሩት ናቸው። የሞተ የለም፤ ከ100 በላይ ወታደሮች ግን በፍንዳታው ግፊት አንጎላቸው ተጎድቷል።

ጥያቄ፦ ሳተላይቱ ከሰማይ ሆኖ ሚሳኤልን ከሰደድ እሳት እንዴት ይለያል?

መልስ፦ ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ሆኖ የሚያየው ሚሳኤሉን ሳይሆን ከሞተሩ የሚወጣውን ነበልባል ነው። ነበልባሉ ውስጥ ያለው የጋለ የውሃ ተንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ በዓይን በማይታይ የሙቀት ጨረር፣ በ2.7 እና በ4.3 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) የሞገድ ርዝመት አካባቢ አጥብቆ ያበራል። ደግነቱ አየሩ ውስጥ ያሉት እነዚሁ ጋዞች ያንኑ ጨረር ስለሚውጡት መሬት ላይ ያለ እሳት እምብዛም አይታይም፤ ሮኬቱ ግን ከወፍራሙ አየር በላይ ሲወጣ ጎልቶ ይታያል። ጉዳቱ የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ማምለጣቸው ነው። ስለዚህ አዲሶቹ ሳተላይቶች እስከ መሬት የሚያሳይ ሌላ የሞገድ ክልልም ይጠቀማሉ። እዚያ ላይ ሰደድ እሳትም ስለሚታይ የሚለየው እንቅስቃሴው ነው፦ እሳት ባለበት ይቆያል፣ ሮኬት ይጓዛል፣ ነዳጁ ሲያልቅም ድርግም ይላል።

ዲኤስፒ የሚባሉት የቀድሞዎቹ የአሜሪካ ማንቂያ ሳተላይቶች በደቂቃ 6 ጊዜ እየተሽከረከሩ ስለሚቃኙ አንድን ቦታ የሚያዩት በየ10 ሰከንዱ ነው። ስከድ የሚባለው የአጭር ርቀት ሚሳኤል ሞተር የሚነደው ለአንድ ደቂቃ ገደማ ስለሆነ የሚገኘው ስድስት ሰባት እይታ ብቻ ነው። ተተኪዎቹ ሲበርሶች ሁለት መሣሪያ አላቸው፤ አንዱ ሰፊ ቦታ ይቃኛል፣ ሌላው በተመረጠ ቦታ ላይ ያፈጣል።

ፀሐይም ታሳስታለች። ሴፕቴምበር 26 ቀን 1983 የሶቪየት ሳተላይት ከደመና የተንጸባረቀ ብርሃን አይቶ አሜሪካ ሚሳኤል ተኮሰች አለ። ተረኛው መኮንን ስታኒስላቭ ፔትሮቭ በአምስት ሚሳኤል ጦርነት የሚጀምር የለም ብሎ የሐሰት ማንቂያ ነው ሲል አስታወቀ።

ጥያቄ፦ የእኛዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ይህን ትችላለች?

መልስ፦ አትችልም። ዲሴምበር 20 ቀን 2019 ከቻይና የመጠቀችው ለእርሻና ለአካባቢ ጥበቃ የሚውል ምስል ልታነሳ ነው፤ አንድን ቦታም በደቂቃዎች ውስጥ አልፋው ትሄዳለች።

ጥያቄ፦ የምህንድስና ተማሪ ነኝ። የማንቂያ ሳተላይት እንዴት ተገንብቶ ይመጥቃል? የሚበላሸውስ የቱ ጋ ነው?

መልስ፦ ሲበርስን እንውሰድ። ዳሳሾቹን ኖርዝሮፕ ግራመን ሠራ፤ ሎክሂድ ማርቲን ሰኒቬል፣ ካሊፎርኒያ ላይ ገጣጠመው። የሚለካው ሙቀት ስለሆነ የራሱን ሙቀት እንዳያይ ዳሳሾቹ እጅግ መቀዝቀዝ አለባቸው፤ ቀዝቃዛ ነገር ላይ ደግሞ ተን ይረጋል። ከሙጫና ከፕላስቲክ የሚወጣ ጥቂት ተን እንኳ መስተዋቱን ያደበዝዛል፤ ስለዚህ ክፍሎቹ ከመገጠማቸው በፊት አየር በሌለበት ምድጃ እንዲሞቁ ይደረጋል። ከዚያ አየሩ በተመጠጠ ክፍል ውስጥ እየሞቀ እየቀዘቀዘ፣ ቀጥሎም በሮኬቱ ጩኸትና ንዝረት ልክ ይፈተናል። ከንዝረቱ በኋላ የኤሌክትሪክ ፍተሻው እንደገና ይደረጋል፤ የላላ ሶኬት የሚጋለጠው ያኔ ነው።

ሮኬቱ ወደሚነሳበት ኬፕ ካናቬራል፣ ፍሎሪዳ የተወሰደው በሲ-5 የጦር ማመላለሻ አውሮፕላን ነው። ነዳጁ ሃይድራዚን መርዛም ስለሆነ የሚሞሉት ከራስ እስከ እግር የተሸፈኑ ጥቂት ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያው በ2002 ይመጥቃል ተብሎ የታሰበው ሜይ 7 ቀን 2011 በአትላስ 5-401 ሮኬት ሄደ፤ ቁጥሩ ባለ 4 ሜትር ክዳን፣ ያለ ጎን ሮኬት፣ ባለ አንድ የላይኛ ሞተር ማለት ነው። ሮኬቱ በሞላላ ምህዋር ላይ ይለቀዋል፤ ቀሪውን ሳተላይቱ በራሱ ሞተር በቀናት ውስጥ ይወጣዋል። የቴሌስኮፑ ክዳን የሚከፈተው የቀረው ተን ሕዋ ውስጥ ከተበተነ በኋላ ነው።

የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ረቂቁ ነገር አይደለም። ኤፕሪል 9 ቀን 1999 የመጠቀውን 19ኛውን ዲኤስፒ ያጠፋው ቴፕ ነው። የላይኛው ሮኬት ሁለት ደረጃዎች ሲለያዩ መነቀል የነበረበት ሶኬት ላይ የሙቀት መከላከያ ቴፕ ከልክ በላይ ተጠምጥሞ ነበርና አልነቀል አለ፤ ሳተላይቱ ለሥራ በማይሆን ምህዋር ላይ ቀረ። በ2010 ደግሞ ከሲበርስ ጋር አንድ ዓይነት አካል ያለው የመገናኛ ሳተላይት ኤኢኤችኤፍ-1 ዋና ሞተሩ አልሠራ አለው። የተጠረጠረው የነዳጅ መስመሩ ውስጥ ተረስቶ የቀረ ቁራጭ ጨርቅ ነው። በትንንሾቹ ሞተሮች ቀስ እያለ ቦታው የደረሰው ከ14 ወር በኋላ ነበር።