ፍሬሽማን ላይ ኤ፣ ዲፓርትመንት ላይ ሲ

እህቴ፣ «ፍሬሽማን 3.7 ነበረኝ፤ ኢኮኖሚክስ ገብቼ 2.6 ሆነ። የማጠናው እንደ ድሮዬ ነው። ዲፓርትመንት ተሳስቼ ይሆን?» ብለሻል። አልተሳሳትሽም ባይ ነኝ። እኔም ኢኮኖሚክስ ተምሬያለሁ፤ በኋላም ሦስት ዓመት አስተምሬያለሁ።

የፍሬሽማን ኮርሶችን አስቢያቸው። ሎጂኩም፣ ሳይኮሎጂውም፣ ጂኦግራፊውም ሞጁል አላቸው። የፍሬሽማን ፕሮግራሙ በ2012 ዓ.ም. ከተመለሰ ወዲህ ያለው አሠራር ይኸው ነው። ክፍሉ በተማሪ ስለሚሞላ መምህሩ ለማረም የሚቀለውን የምርጫ ጥያቄ ያወጣል። ሞጁሉን ደጋግሞ ያነበበ ኤ ያመጣል። ከ12ኛ ክፍል ይዘሽው የመጣሽው አጠናን እስከዚያ ድረስ ያዋጣል።

እኔን ያስደነገጠኝ የሦስተኛ ዓመቱ ኢኮኖሜትሪክስ (የኢኮኖሚ መረጃን በስታቲስቲክስ የሚመረምረው ኮርስ) ነው። ሚድ ላይ የሪግሬሽን ውጤት (አንዱ ነገር ከሌላው ጋር ያለው ግንኙነት በቁጥር የተሰላበት) በሠንጠረዥ ተሰጠን። ጥያቄው አንድ መስመር ነበር፦ «ይህን ውጤት ታምነዋለህ? ለምን?» እኔ የኦኤልኤስን (የተለመደው የሪግሬሽን ስሌት ዘዴ ነው) ግምቶች ከነትርጉማቸው ደርድሬ ወጣሁ። ከ30 ያገኘሁት 11 ነው። ወረቀቱ ጥግ ላይ «ይህን ያስተማርኩህ እኔ ነኝ፤ አንተ ምን ትላለህ?» ተብሎ ተጽፏል። በጣም ተናደድኩ። የጻፍኩት ሁሉ ትክክል ነበራ! ሠንጠረዡ ላይ ያሉትን ቁጥሮች ግን አንዴም አላነሳኋቸውም።

ማስተማር ስጀምር ሌላውን ወገን አየሁ። መምህራን ሻይ ላይ ስንገናኝ «የዘንድሮ ተማሪ አያነብም» እንባባላለን። እንዴት እንደሚነበብ ማን አሳየው? የፍሬሽማኑ መምህር «ዲፓርትመንት ሲገቡ ይለምዱታል» ይላል። የዲፓርትመንቱ ደግሞ ለምደውት መጥተዋል ብሎ ይጀምራል። ተማሪው መሃል ላይ ይቀራል። ይህን የእኛ የመምህራን ጥፋት ነው እላለሁ። እኔም የመጀመሪያ ዓመት ላይ ምን እንደምፈልግ ሳልነግራቸው ፈትኜ፣ ውጤታቸውን ሳይ አዝኛለሁ። በሁለተኛው ዓመት አንድ ጥሩና አንድ ደካማ መልስ ጎን ለጎን ሰሌዳ ላይ ጽፌ ልዩነቱን ራሳቸው እንዲነግሩኝ አደረግኩ። ከዚያ በኋላ የሚጽፉት መልስ ተለወጠ።

አንቺም ኮርሱ በተጀመረ ሳምንት መምህሩ ቢሮ ሄደሽ «መምህር፣ ጥሩ የሚሉት መልስ ምን ዓይነት ነው?» በይው። አትፈሪ፤ እኔን እንዲህ ብሎ የጠየቀኝን ተማሪ በደስታ ነበር የማስረዳው። ማይክሮኢኮኖሚክስ ስታጠኚ ደግሞ ትርጉሙን ከያዝሽ በኋላ ስላይዱን ዝጊው። የጤፍ ዋጋ ሲጨምር ሰው ስንዴና በቆሎ ለምን እንደሚቀላቅል፣ ማን እንደሚቀላቅልና ማን እንደማይቀላቅል ለዶርም ጓደኛሽ በኩርባ አስረጂያት። ማስረዳቱ አቅቶሽ የምትቆሚበት ቦታ ላይ ነው መጽሐፉን መክፈት ያለብሽ።

የተመለሰልሽ የሚድ ወረቀት ካለ ስምሽን ሸፍነሽ ፎቶውን እዚህ ለጥፊው። ነጥቡ የት እንደሄደ አብረን እናየዋለን።