ከአባቴ ሱቅ የተረፉትን ፊልሞች ዘርዝሬ ባሳትም ያስከስሰኛል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ሟች አባቴ የሲዲ ማከራያ ሱቅ ነበረው። ሱቁ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ዲስኮቹ ግን በካርቶን ታሽገው ቤት ተቀምጠዋል። 600 ይሆናሉ፣ ሁሉም የአማርኛ ፊልሞች ናቸው። ሳይበላሹ አንድ በአንድ መዝግቤ፣ ከነሽፋናቸው በመጽሐፍ ማሳተም አስቤያለሁ። ፊልሞቹንም ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ጀምሬያለሁ። ታላቅ ወንድሜ «ትታሰሪያለሽ» ይለኛል። እውነቱን ነው?

መልስ፦ ወንድምዎ ስለ መገልበጡ ቢሰጉ አልፈርድባቸውም። ዝርዝር አውጥቶ የታሰረ ሰው ግን አላየሁም።

የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠብቀው ሥራውን ነው። ተራ መረጃ በቅጅ መብት እንደማይጠበቅ አንቀጽ 5 ላይ ተጽፏል። የፊልሙ ርዕስ፣ የዳይሬክተሩና የተዋንያኑ ስም፣ የወጣበት ዓመት፣ የሚፈጀው ደቂቃ፣ ሁሉም መረጃ ነው። ማንንም ሳያስፈቅዱ ይጻፉት። እንዲያውም አመራረጡና አደራደሩ የራስዎ ፈጠራ ከሆነ፣ በአንቀጽ 4 መሠረት ዝርዝሩ ራሱ እንደ እርስዎ ሥራ ይጠበቃል።

ስለዚህ አደራደሩ ላይ ይጠንቀቁ። ሙያዬ ባይሆንም አንድ ሁለት ነገር ልበል። አንድ ቪሲዲ (ፊልም የሚጫንበት ሲዲ) ከ74 እስከ 80 ደቂቃ ብቻ ነው የሚይዘው። ረዘም ያለ ፊልም በሁለት ዲስክ የሚወጣው ለዚህ ነው። 600 ያሉት ዲስኩን ቆጥረው ከሆነ ፊልሞቹ በጣም ያንሳሉ ማለት ነው። ክፍል 1 ኖሮ ክፍል 2 የጠፋበትም አይጠፋም፤ እሱንም ይጻፉ። ርዕሱን በሽፋኑ ላይ እንዳለ ይገልብጡ፤ ፊደል ተራ ሲያስገቡ ግን «ሠ» እና «ሰ»፣ «ሐ» እና «ሀ» አንድ ላይ ይሁኑ። አለበለዚያ ፈላጊው አያገኘውም። ዓመቱ የእኛ ይሁን የፈረንጅ ይለዩት። ሰውንም በራሱ ስም ይደርድሩት እንጂ በአባቱ ስም አይጀምሩ።

በከለር ፎቶኮፒ ሽፋን የመጡትን ኮፒዎች ደግሞ ከኦሪጅናሉ ይለዩ። ይሄ የሕግ ጉዳይም ነው። ፈቃድ መጠየቅ ቢያስፈልግዎ ፍለጋውን የሚጀምሩት ኦሪጅናሉ ሽፋን ላይ ከተጻፈው ፕሮዲውሰር ነው።

ሽፋኑ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ፎቶ አለው፣ ንድፍ አለው፣ ከጀርባው ጽሑፍ አለው። 600 ሽፋን ስካን አድርጎ መጽሐፍ ውስጥ አትሞ መሸጥ ያለ ፈቃድ ማባዛት ነው። እኔ ብሆን ሽፋኑን በቃላት እገልጸዋለሁ፤ ታሪኩንም በራሴ አባባል በሦስት መስመር እጽፈዋለሁ። በጣም የሚወዷቸው ጥቂት ሽፋኖች ካሉ ባለመብቱን በጽሑፍ ያስፈቅዱ። «ችግር የለውም» የሚል የስልክ መልስ ነገ ማስረጃ አይሆንዎትም።

አሁን ወደ መገልበጡ። ዲስኩ የእናንተ የወራሾቹ ንብረት ነው፤ ፊልሙን የማባዛት፣ የማከራየትና ለሕዝብ የማሳየት መብት ግን በአንቀጽ 7 መሠረት የባለመብቱ ነው። አንቀጽ 9 ለግል ጥቅም ብቻ አንድ ቅጂ ማድረግን ይፈቅዳል። ለራስዎ ኮምፒውተር ላይ ካስቀመጡ ብዙም አልሰጋም። ለጎረቤት በፍላሽ መስጠት፣ ቴሌግራም ላይ መጫን፣ እንደ ድሮው ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ደርድሮ ማሳየት ሲጀመር ግን ነገሩ ይለወጣል። አዋጁ እስራት አለው። «ፊልሙ አሮጌ ነው» ማለትም አያድንም፤ የፊልም ጥበቃ 50 ዓመት ነው፣ የእኛዎቹ ቪሲዲዎች ደግሞ በአብዛኛው ከ1990ዎቹ ወዲህ የወጡ ናቸው።

ዋናው ሐሳብዎ እንዳይጠፉ ከሆነ ሌላ መንገድ አለ። አንቀጽ 12 ለትርፍ የማይሠሩ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ለጥበቃ ሲሉ ቅጂ እንዲያደርጉ ይፈቅዳል። ይህን መብት ግለሰብ የለውም። አዲስ አበባ ወመዘክርን (ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍቱን)፣ ወይም እዚያው ከተማችሁ ያለውን የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ያነጋግሩ። ከመስጠትዎ በፊት ግን ወንድምዎን ያስፈርሙ። የአባት ንብረት ነው፤ ልጆች እኩል ወራሾች ናችሁ፣ አንዱ ብቻውን አንስቶ አይሰጥም።

ያልጠየቁኝን ልጨምር። ያ ሱቅ የኪራይ መዝገብ ሳይኖረው አይቀርም። ካለ ወርቅ ነው፤ የትኛው ፊልም መቼ ሱቁ እንደገባ ይነግርዎታል። ቀኑን ይጠቀሙበት፣ የተከራዮቹን ስም ግን አያውጡ። ማን ምን ፊልም እንዳየ የግል ጉዳዩ ነው፤ ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 26 ላይ የግል ሕይወትን ይጠብቃል። ካርቶኑ ውስጥ አስይዘውት የቀሩ መታወቂያዎች ካገኙም ለየቀበሌያቸው ይመልሱ።