ከከርነል አፕዴት በኋላ የኤፍኤን ቁልፎች እንቢ ሲሉ፦ ጥያቄና መልስ

መላሽ (ደሴ)፦ ከርነል የምንለው የላፕቶፑን ዕቃ ከፕሮግራሞቹ ጋር የሚያገናኘው የሊነክስ ልብ ነው፤ የኤፍኤን ቁልፎች ደግሞ የስክሪን ብርሃን፣ ድምፅና የመሳሰሉትን የሚያዙት የላይኛው ረድፍ ቁልፎች ናቸው። ጥያቄ ስትጥሉ ሦስት ነገር አብራችሁ ጻፉ፦ የላፕቶፑን ሞዴል፣ «ዩኔም -አር» የሚሰጣችሁን የከርነል ቁጥርና የጠፋውን ቁልፍ። «አይሠራም» ጥያቄ አይደለም። አሮጌውን ከርነል ደግሞ አታጥፉ። ትዕዛዞቹን እዚህ በእኛ ፊደል ብጽፍም ተርሚናል ላይ በላቲን ነው የምታስገቧቸው።

ከፒያሳ፦ ጋሼ፣ እንደምን አመሹ። ቲንክፓድ፣ ኡቡንቱ 22.04፣ ከ5.15 ወደ 6.8 ሲያልፍ የስክሪን ብርሃን ቁልፎቹ ሞቱ። የድምፁ ይሠራል።

መላሽ፦ ጥያቄ እንዲህ ነው! ድምፁ ከሠራ ኪቦርዱን ተወው። ከርነሉ ከ6.1 ጀምሮ የስክሪን ብርሃን አያያዙን ቀይሯል። ድሮ ሁለት ሦስት በር ይከፍትና ምርጫውን ለዴስክቶፑ ይተው ነበር፤ አሁን አንዱን ራሱ መርጦ ሌላውን ይዘጋል። አንዳንድ ማሽን ላይ ምርጫው ይስታል። «ኤልኤስ /ሲስ/ክላስ/ባክላይት» በል። የሚወጣው «ኤሲፒአይ_ቪዲዮ0» ከሆነ፣ ላፕቶፑ ሲነሳ ከርነል በሚመረጥበት ግሩብ ሜኑ ላይ ከርነሉን መርጠህ «ኢ»ን ተጫን፤ «ሊነክስ» ብሎ የሚጀምረው መስመር መጨረሻ ላይ «ኤሲፒአይ_ባክላይት=ኔቲቭ» ጨምርና በኤፍ10 አስነሳ። ይህ ለአንድ ቡት፣ ማለት ለአንድ ጊዜ መነሳት ብቻ ነው። እንቢ ካለ በኔቲቭ ፋንታ «ቬንደር»፣ ቀጥሎ «ቪዲዮ» ሞክር። የሠራውን /ኢቲሲ/ዲፎልት/ግሩብ ውስጥ አስገብተህ «ሱዶ አፕዴት-ግሩብ»። ማውጫው ጭራሽ ባዶ ከሆነ ግን የግራፊክስ ድራይቨሩ (ከርነሉ ስክሪኑን የሚያዝበት ፕሮግራም) አልተነሳም፤ እሱን የሚያግደውን «ኖሞድሴት» የሚል ቃል ግሩብ ላይ ጨምረህ ከነበር አውጣው።

ከኮምቦልቻ፦ የእኔም አይሠራም።

መላሽ፦ ምኑ?

ከኮምቦልቻ፦ ኤችፒ ነው ጋሼ።

መላሽ፦ ኤችፒ ስንት ዓይነት አለው! ሞዴል፣ ቁጥር፣ ቁልፍ።

ከሐይቅ፦ አሱስ ቪቮቡክ፣ 24.04፣ ከ6.8 ወደ 6.14። የኤፍኤን ቁልፎች በሙሉ ጠፉብኝ፣ ዋይፋዩም አብሮ ሄደ።

መላሽ፦ ሁለቱ አብረው ከጠፉ መጀመሪያ የሚጠረጠረው «ሊነክስ-ሞጁልስ-ኤክስትራ» የሚባለው ጥቅል አለመግባቱ ነው። ብዙ ድራይቨር እዚያ ውስጥ ነው ያለው። አፕዴቱ መሃል ላይ የኢንተርኔት ፓኬጅ ሲያልቅ ወይም መብራት ሲሄድ ይህ ያጋጥማል። ሲነሳ ኢስኬፕ ተጫኚ፣ በ«አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ወደ 6.8 ግቢ፤ ዋይፋዩ ይመለሳል። ከዚያ «ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ»፣ ቀጥሎ «ሱዶ አፕት -ኤፍ ኢንስቶል»። በመጨረሻ ሞጁልስ-ኤክስትራን ከአዲሱ ከርነል ሙሉ ቁጥር ጋር ጫኚ። ሪስታርት አድርገሽ «ኤልኤስሞድ» ስትዪ «አሱስ_ኤንቢ_ደብሊውኤምአይ» መታየት አለበት። አሮጌውን ከርነል አታጥፉ የምለው ለዚህ ነው።

ከወልድያ፦ መፍትሔውማ ኡቡንቱን ጥሎ ፌዶራ መጫን ነው።

ከሸዋበር፦ ፌዶራ ከርነል ቶሎ ቶሎ ሲቀያይር ፓኬጁን አንተ ልትከፍልልን ነው?

ከወልድያ፦ ሦስት ከርነል ያስቀምጥልሃል፤ አንዱ ቢበላሽ በሌላው ትነሳለህ።

ከሸዋበር፦ ዴቢያን ላይ ወላሂ ይህ ሁሉ ጣጣ የለም።

መላሽ፦ ድራይቨሩ የከርነሉ ነው፤ ዲስትሮ (ኡቡንቱ፣ ፌዶራ፣ ዴቢያን የምትሉትን የሊነክስ ዓይነት) ብትቀይሩ ያው ከርነል ይከተላችኋል። ጠቡን አቦል ሲፈላ ጨርሱት።

ከመርሳ፦ ኤሰር አስፓየር፣ 6.8፣ ድምፅ የሚያጠፋው ቁልፍ ብቻ። የከርነሉን መልእክት በሚያሳየው «ዲሜስጅ» ላይ «አንኖውን ኪ ፕረስድ» (ያልታወቀ ቁልፍ ተጫነ) የሚል አለ።

መላሽ፦ የምወደው ጥያቄ መጣ። ቁልፍ ስትጫን ምልክቱ ከላፕቶፑ ፈርምዌር (አምራቹ ማሽኑ ውስጥ ከጫነው ፕሮግራም) ወደ ከርነል፣ ከዚያ ወደ ዴስክቶፕ ይሄዳል፤ የት እንደሞተ ሳታውቅ ምንም አትንካ። «ሱዶ ኢቭቴስት» ዝርዝር ያወጣልሃል፦ ኪቦርዱ፣ «ቪዲዮ ባስ»፣ የአምራቹ «ሆትኪስ»። አንድ በአንድ ገብተህ ቁልፉን ተጫን፤ የኤፍኤን ቁልፍ ሁልጊዜ በኪቦርዱ በኩል አይመጣም። ትክክለኛ ስሙን ይዞ ከወጣ ከርነሉ ደህና ነው፣ የዴስክቶፑን ሴቲንግ እይ። ያንተ ግን ከርነሉ ደርሶታል፣ ስሙን ነው ያላወቀው። መልእክቱ ውስጥ «ኮድ 0ኤክስ» ብሎ የሚከተለውን ቁጥር ያዝ። /ኢቲሲ/ዩዴቭ/ኤችደብሊውዲቢ.ዲ ውስጥ በ«.ኤችደብሊውዲቢ» የሚያልቅ ፋይል ፍጠር። አንደኛው መስመር «ኢቭዴቭ:ኤቲኬቢዲ:ዲኤምአይ:*»፤ ሁለተኛው «ኪቦርድ_ኪ_» ከነኮዱ፣ ከዚያ «=ሚውት»። ኪቦርድ_ኪ በትልልቁ፣ ኮዱና ሚውት በትንንሹ ይጻፋሉ። ሁለተኛው መስመር በአንድ ባዶ ቦታ ይጀምር! ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ካልጀመረ ፋይሉ እንደሌለ ይቆጠራል። ከዚያ «ሱዶ ሲስተምዲ-ኤችደብሊውዲቢ አፕዴት» እና «ሱዶ ዩዴቭአድም ትሪገር»።

ከላሊበላ፦ «ኤሲፒአይ_ኦኤስአይ=ሊነክስ» ጨምር የሚል አግኝቼ ነበር፣ ልሞክረው?

መላሽ፦ ተው። እሱ ቁልፉን ብቻ አይነካም፤ ከርነሉ ለፈርምዌሩ የሚሰጠውን መልስ ስለሚቀይር ፋኑም ባትሪውም ሊዛባ ይችላል። ምክንያቱን ያላወቃችሁትን መስመር ግሩብ ውስጥ አትለጥፉ።

ከሸዋበር፦ መብራት ሄዶ ሲመጣ ቁልፎቹ ቀሩ፤ አሮጌው ከርነልም ላይ አይሠሩም።

መላሽ፦ ከርነሉን ተወው። አጥፋው፣ ቻርጀሩን ንቀል፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጣ፣ ፓወሩን 30 ሰከንድ ተጭነህ ቆይ።

ከሐይቅ፦ የብሉቱዝ ማውስስ?

መላሽ፦ ዛሬ አይደለም።

ከኮምቦልቻ፦ ኤችፒ ፓቪሊዮን፣ 6.8። ኤፍ5 ስጫን ሪፍሬሽ ማድረግ ትቶ ሌላ ነገር ይሠራል፣ ኤፍኤን ካልያዝኩ።

መላሽ፦ ሲነሳ ኤፍ10፣ ባዮስ ውስጥ «አክሽን ኪስ ሞድ»ን አጥፋ። የከርነል ጉዳይ አይደለም። መጀመሪያ እንዲህ ብትል ኖሮ!

ከፒያሳ፦ ጋሼ፣ በኔቲቭ ሠራ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሪስታርት ሳደርገው ግን ተመልሶ ሞተ።

መላሽ፦ ለአንድ ቡት ብቻ ነው ብዬ ጽፌያለሁ። ወደ ላይ ውጣና ስለ አፕዴት-ግሩብ ያልኩትን አንብብ።