ፋይናል ሦስት ሳምንት ሲቀረው፦ ውጭ ለሚማሩ የወሎ ልጆችና ለወላጆቻቸው

ደሴ ተወልጄ አደግኩ፤ አሜሪካ ተምሬ ተመለስኩ። እዚያ ሳለሁ የውጭ ተማሪዎችን በሚረዳ ቢሮ ውስጥ ሠርቻለሁ። ኅዳር ሲጋመስ ስልኬ አያርፍም። ልጆቹም ይደውላሉ፣ እዚህ ያሉ ወላጆችም ይደውላሉ። ጥያቄያችሁን ሰብስቤ ልመልስ። ስለ ቪዛ የምለው አሜሪካ ውስጥ ኤፍ-1 በሚባለው የተማሪ ቪዛ ለሚማሩ ነው።

ጥያቄ (ከሐይቅ የሄደ ልጅ)፦ የያዝኩት 13 ክሬዲት ነው። ባለ 4 ክሬዲቱ ካልኩለስ ሊጥለኝ ነው። ድሮፕ ላድርገው?

መልስ፦ ቆይ ወንድሜ፣ ገና ምንም እንዳትነካ። ካልኩለስን ስታወጣ 9 ይቀርሃል። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በመደበኛው ሰሚስተር ቢያንስ 12 መያዝ አለበት። የውጭ ተማሪዎች አማካሪህ አስቀድሞ ሳይፈቅድልህ ከዚያ ከወረድክ ቪዛህ ላይ ችግር ይመጣል። ስለዚህ መጀመሪያ እሱ ጋ ሂድ።

ከመሄድህ በፊት ግን ኮርስ አውትላይኑን፣ ነጥቡ እንዴት እንደሚያዝ የሚናገረውን ወረቀት፣ አውጣና አስላ። እስካሁን ከ70ው 40 ካለህ፣ ፋይናሉም ከ30 ከሆነ፣ ማለፊያው ደግሞ 60 ከሆነ፣ 20 ይበቃሃል። «ሊጥለኝ ነው» ብለው የሚደውሉልኝ ብዙዎቹ ይህን ሒሳብ አልሠሩትም። ወረቀት ላይ ሲያዩት ድምፃቸው ይቀየራል።

ጥያቄ (ከወልድያ የሄደች ልጅ)፦ ሁለት ምዕራፍ አልገባኝም። ፕሮፌሰሩን ማስቸገር ግን ይሉኝታ ያዘኝ።

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ብቻሽን አይደለሽም። የእኛን ልጆች ከካልኩለስም ከእንግሊዝኛም በላይ የሚጥላቸው ይኸው ነው። እኛ ቤት ዝም ያለ ልጅ ጨዋ ይባላል። እዚያ ዝም ያለ ተማሪ ገብቶታል ተብሎ ይታለፋል። ኦፊስ አወር የሚባለው ለአንቺ ተብሎ የተመደበ ሰዓት ነው። ውለታ አይደለም።

እኔ በመጀመሪያው ዓመት መምህሬ በር ድረስ ሁለት ጊዜ ሄጄ ተመልሻለሁ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ሰውየው ሻይ ይዞ ብቻውን ተቀምጧል። በሦስተኛው ቀን ገባሁ። «እሰይ፣ ሰው መጣ» የሚል ፊት ነው የተቀበለኝ። ለካ ያን ሁሉ ሳምንት ማንም አልሄደም።

ስትገቢ «አልገባኝም» ብቻ ብለሽ አትቁሚ። የሞከርሽውን ደብተር ግለጪና «እዚህ መስመር ድረስ ደረስኩ፣ ከዚህ በኋላ ጠፋብኝ» በዪው። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ጥያቄ፦ አሳይመንቱ ማታ 11:59 ይዘጋል ይላል። ተደናገረኝ።

መልስ፦ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 5:59 ማለት ነው። የመጨረሻዋን ደቂቃ አትጠብቅ፤ ኢንተርኔቱ የሚጠፋው ያኔ ነው።

ጥያቄ፦ ሥራ ልጨምር ወይ? ገንዘብ አጥሮኛል።

መልስ፦ ትምህርት ባለበት ወቅት ግቢ ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው የሚፈቀደው። ያለ ፈቃድ ከግቢ ውጭ ፈጽሞ እንዳትሠራ። ለፋይናል ሰሞን ደግሞ ሰዓት ቀንስ። አለቆችህም የለመዱት ነገር ነው።

ጥያቄ፦ የነቢያት ጾም ከፋይናል ጋር ገጠመብኝ። ካፌ የሚበላ አጣሁ።

መልስ፦ «ቪጋን» ብለሽ ጠይቂ። ሥጋም፣ ወተትም፣ እንቁላልም የሌለበት ማለት ነው፤ ወዲያው ይገባቸዋል። ረመዳን ለምትጾሙ ደግሞ፣ የማታ ፈተና ከማፍጠሪያ ጋር የሚጋጭ ከሆነ ሰሚስተሩ ሲጀመር ለመምህሩ በኢሜይል ንገሩት። ፈተናው ነገ ሊሆን ዛሬ ቢነገረው ይቸገራል።

ጥያቄ፦ ከኢንተርኔት ወስጄ ቃላቱን ቀያይሬያለሁ። ይያዝብኛል?

መልስ፦ ይያዛል። ባይያዝም አታድርገው። እኛ ደብተር ላይ ያለውን ቃል በቃል ሸምድዶ መጻፍ ጉብዝና እየተባለልን ነው ያደግነው። እዚያ ግን ምንጩን ሳይጠቅሱ መውሰድ ስርቆት ነው። ከኮርስ እስከ መባረር ያደርሳል። ጽሑፉን አንብበህ ዝጋው። ከዚያ ለእናትህ እንደምታስረዳት አድርገህ በራስህ ቃል ጻፍ። ሐሳቡ የማን እንደሆነም ጥቀስ። በኤአይ ስለማጻፍ ደግሞ መምህሩ ምን እንደፈቀደ ኮርስ አውትላይኑ ላይ እይ። ካልተጻፈ ጠይቀው።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ፣ እናት)፦ አያቱ ባለፈው ሳምንት ሞቱ። ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ፈተናው እስኪያልፍ ብንደብቀውስ?

መልስ፦ አላህ ይርሐማቸው፣ እትዬ። ለእርስዎም ጽናቱን ይስጥዎት።

እኔም ደርሶብኛል። አባቴ ሲሞት ፋይናል ላይ ነበርኩ። ቤተሰብ 19 ቀን ደበቀኝ። ስደውል «ተኝቷል» ይሉኛል። ደግሜ ስደውል «መስጊድ ሄዷል»። ፈተናውን አለፍኩ። ያደረጉት ከፍቅር መሆኑንም አውቃለሁ። ግን ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ፣ ቤት ደውዬ «ተኝቷል» ባሉኝ ቁጥር ልቤ ይመታ ነበር። ደህና የተኛውንም ሰው አላምንም ነበር።

ስለዚህ ይንገሩት እላለሁ። ነገ ጠዋት የሚፈተን ከሆነ አንድ ቀን ይጠብቁ። ሦስት ሳምንት ግን አይሆንም። መርዶ ደግሞ በስልክ ብቻ አይነገርም። እሱ ያለበት ከተማ የእኛ ሰው ፈልጉ፤ ጓደኛ ወይም መስጊድ የሚያውቁት። በማለዳ ቤቱ ሄደው ይንገሩት፤ ያን ቀን አብረውት ይዋሉ። ዘመድ ፎቷቸውን ፌስቡክ ላይ እንዳይለጥፍም ከወዲሁ ይንገሯቸው። መርዶው ሳይነገረው እዚያ ላይ ማየት የከፋ ነው።

እሱ ደግሞ በዚያው ቀን ለመምህራኑና ለተማሪዎች ዲን ቢሮ ኢሜይል ይላክ። ሐዘን ለደረሰበት ተማሪ ፈተና ማዘዋወር የተለመደ ነው። አብዛኛውን ሥራ ከጨረሰ «ኢንኮምፕሊት» የሚባል ውጤት ተይዞለት ቀሪውን በኋላ ሊያሟላ ይችላል። የሚጠየቀው ግን ሰሚስተሩ ሳይዘጋ ነው። የተደበቀበት ልጅ ይህን ዕድል መጠየቅ አይችልም።

ጥያቄ፦ ፈተና ስጨርስ ለገና ደሴ ልምጣ?

መልስ፦ ቲኬት ሳትቆርጥ ቪዛህን እይ። ጊዜው ያለፈበት ቪዛ እዚያ ከመማር አይከለክልህም፤ ከወጣህ በኋላ ለመመለስ ግን አዲስ ያስፈልግሃል። ዩኒቨርሲቲህ የሰጠህ አይ-20 የሚባለው ወረቀትም የጉዞ ፊርማ እንዳለው አረጋግጥ።

ጥያቄ (ከገራዶ፣ እናት)፦ እኔ ያልተማርኩ ነኝ። ልጄን በምን ልርዳት?

መልስ፦ የፈተናዋ ዋዜማ ይደውሉላት፣ እትዬ። ስለ ውጤት አይጠይቋት። ምን እንደበላች ይጠይቋትና ዱዓ አድርገውላት ቶሎ ይዝጉ፤ ትተኛ።