ለእናትሽ ነርሲንግ ሆም ስትመርጪ

እህቴ፣ በመጀመሪያ እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። ዳሌያቸው ተሰብሮ ኦፕራሲዮን ከተደረጉ በኋላ ሶሻል ወርከሯ የነርሲንግ ሆም፣ ማለትም አዛውንትና ሕሙማን ገብተው የሚታከሙበትና የሚጦሩበት ቤት፣ ዝርዝር ሰጥታ «ቶሎ ምረጡ» እንዳለችሽ ጽፈሻል፤ አምስት ኮከብ ያለውን መውሰድ ይበቃል ወይ ብለሽም ጠይቀሻል። እዚህ አሜሪካ ሜሪላንድ በሲኤንኤነት (ረዳት ነርስነት) ጀምሬ አሁን ኤልፒኤን (ፈቃድ ያላት ነርስ) ሆኜ የምሠራው ነርሲንግ ሆም ውስጥ ስለሆነ፣ የማየውን ልንገርሽ።

ኮከቡ ይጠቅማል፣ ግን አይበቃም። የመንግሥቱ የአዛውንቶች የጤና መድን ሜዲኬር «ኬር ኮምፔር» በሚለው ድረ ገጹ የሚያወጣው ኮከብ ከሦስት ነገር ነው የሚሰላው፦ ከኢንስፔክሽን፣ ከሠራተኛ ብዛትና «ኳሊቲ ሜዠር» ከሚሉት የእንክብካቤ ጥራት መለኪያ። ይህ የመጨረሻው በከፊል ቤቱ ራሱ ሞልቶ ከሚልከው መረጃ ስለሚወጣ እኔ ብዙም አልደገፍበትም። የሠራተኛው ቁጥር ግን ከደመወዝ መዝገብ የሚመጣ ነው። እሱን ከፍተሽ የቅዳሜና እሁዱን የነርስ ሰዓት፣ በዓመት ውስጥ ስንት በመቶ ሠራተኛ እንደለቀቀም እይ። አጠቃላዩ አራት ሆኖ የሠራተኛው ሁለት ከሆነ እኔ እናቴን እዚያ አላስገባም።

የኢንስፔክሽን ሪፖርቱን ደግሞ አንብቢ። ማንኛውም ቤት የቅርብ ጊዜውን ሪፖርት ሰው ሳይጠይቅ ሊያገኘው በሚችል ቦታ ማስቀመጥ አለበት። እያንዳንዱ ጥፋት ከኤ እስከ ኤል ፊደል ይሰጠዋል፤ ከጂ ጀምሮ ያለው ሰው ተጎድቷል ወይም ለከባድ አደጋ ተጋልጧል ማለት ነው። ኩሽና ውስጥ ቀን ያልተጻፈበት ምግብ ተገኘ ቢል አትደንግጪ። የአልጋ ቁስል ወይም መውደቅ በየዓመቱ የሚደጋገም ከሆነ ግን ቤቱን ከዝርዝርሽ አውጪው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በሥራ ቀን ጠዋት ከሄድሽ የአድሚሽን ሠራተኛዋ ሎቢውንና የቴራፒ ክፍሉን አሳይታ ትሸኝሻለች። እሁድ በእራት ሰዓት ሂጂ። መግቢያው አካባቢ የዕለቱ የነርሶችና የሲኤንኤዎች ቁጥር በየሺፍቱ መለጠፍ አለበት፤ እሱን አንብበሽ ኮሪደሩን ቀስ ብለሽ እለፊ። ትሪው ሲመጣ ማን ቀርቦ ክዳኑን ይከፍታል? ማን የወተቱን ካርቶን ይቀድላቸዋል? እጃቸው የሚንቀጠቀጥ አዛውንት ፊት ትሪው እንደተከደነ ተቀምጦ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሳይነካ ሲነሳ ካየሽ ሌላ ማስረጃ አትፈልጊ። የውሃው ኩባያ እጃቸው ይደርስበታል? ታማሚው እርዳታ ሲፈልግ የሚያበራው የጥሪ መብራት በርቶ ሠራተኛ ዝም ብሎ ያልፋል? ከአልጋ የማይነሱት ተረከዛቸው ፍራሹን እንዳይነካ እግራቸው ሥር ትራስ ተደርጎላቸዋል? ጥፍራቸውንም እይ። ሽታ ከአንድ ክፍል ቢመጣ ምናልባት ለአንድ ሰው ዳይፐር እየተቀየረለት ይሆናል፤ ኮሪደሩን ሙሉ ከያዘ ግን ሠራተኛ አንሷቸዋል ማለት ነው።

ሲኤንኤዋን «ዛሬ ስንት ሰው ያዝሽ?» በያት። በዚህ አካባቢ ሐበሻ አታጪም፣ እውነቱን ይነግሩሻል። እኔ እንደማየው በቀን ሺፍት ስምንት ሰው የያዘች እናትሽን ደግፋ ሽንት ቤት ታደርሳቸዋለች። አሥራ አምስት የያዘች ግን ልቧ ቅን ቢሆንም እንኳ «ዳይፐሩ ላይ ይሽኑ» ማለቷ አይቀርም። ዳሌው የተጠገነ ሰው እንደዚያ ሁለት ሳምንት ከቆየ መራመዱን ያጣዋል። እኔን ሥራ ላይ ከምንም በላይ የሚያመኝ ይኼ ነው።

የእኛ እናቶች ደግሞ የራሳቸው ነገር አለ። ነርሷ «ያምዎታል?» ስትል «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላሉ፤ ማስታገሻው ይቀራል። በነጋታው ቴራፒስቱ ሊያስነሳቸው ሲመጣ ሕመሙን ስለማይችሉት እምቢ ይላሉ። «ቴራፒ እምቢ አሉ» ተብሎ ይጻፋል፤ ይህ ከተደጋገመ ኢንሹራንሱ ክፍያውን ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ ከቴራፒ በፊት ማስታገሻ እንዲሰጣቸው ከመጀመሪያው ቀን አስጽፊ። አስተርጓሚም በነፃ ማቅረብ ግዴታቸው ነው፤ ሐበሻ ሠራተኛ አለ ብለሽ አትተይው፣ በሌሊት ሺፍት ላትኖር ትችላለች። ጾም ከገባ ለዳይቲሺያኗ (ለምግብ ባለሙያዋ) ንገሪ፣ ካልሆነ ትሪው በተመለሰ ቁጥር «አልበላም አሉ» ብቻ ነው የሚጻፈው። የንስሐ አባታቸውም ቢያነጋግሯቸው ጥሩ ነው፣ ለታመመ ሰው መፍትሔ ይሰጣሉና። ክብደታቸውን በየሳምንቱ ጠይቂ። በአንድ ወር አምስት በመቶ መቀነስ፣ ማለትም 120 ፓውንድ የነበረ ሰው 6 ፓውንድ ከቀነሰ፣ ሐኪም ማወቅ ያለበት ነገር ነው።

በገቡ በ48 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያ ኬር ፕላን (የእንክብካቤ ዕቅድ) ይወጣል፤ ማጠቃለያውን ጠይቀሽ ተቀበይ።

ስትፈርሚ ሁለት ወረቀት ላይ ተጠንቀቂ። አንደኛው የአርቢትሬሽን (የግልግል ዳኝነት) ስምምነት ነው፤ ችግር ቢፈጠር ፍርድ ቤት መሄድን ያስቀራል። ካልፈረማችሁ አንቀበልም ሊሉ አይችሉም፤ ፈርመሽ ከሆነም በ30 ቀን ውስጥ መሰረዝ ትችያለሽ። ሁለተኛው እናትሽ መክፈል ካቃታቸው ከራስሽ ኪስ እንድትከፍይ የሚያስገድድ ፊርማ ነው። ይህንን ለመግቢያ ቅድመ ሁኔታ ማድረግ በሕግ የተከለከለ ነው።

ቅሬታ ቢኖርሽ መጀመሪያ ለዩኒት ማናጀሯ፣ ካልሰማች የነዋሪዎችን ቅሬታ ለሚከታተለው ለኦምቡድስማን ደውይ፤ አገልግሎቱ ነፃ ነው፣ ስልኩም ግድግዳ ላይ መለጠፍ አለበት። ከመምረጥሽ በፊትም ደውለሽ ስለ ቤቱ ብትጠይቂ ጥሩ ነው።

እኔ ብሆን ግን ከሩቁ አምስት ኮከብ ይልቅ ከሥራ መልስ በየቀኑ ብቅ የምልበትን አራት ኮከብ እመርጣለሁ። ቤተሰብ በተለያየ ሰዓት የሚመጣለት ሰው መብራቱ ቶሎ ይታያል፤ መሆን የሌለበት ነገር ቢሆንም እውነቱ ይኼ ነው። ዝርዝሩ ላይ ያሉትን ቤቶች ስም በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ ዛሬ ማታ እረፍት ስለሆንኩ ሪፖርታቸውን አብረን እናነበዋለን።