አዲስ ጠመንጃ ለምን ይበትናል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በፈቃድ አዲስ የፋብሪካ ጠመንጃ ገዛሁ። 100 ሜትር ላይ ዒላማ ስሞክር ጥይቱን አንድ ቦታ አያሳርፍም፣ ይበትናል። ጥይት ውስጡ የተወውን መዳብ በሚያስለቅቅ ፈሳሽ ስወለውለውም ጨርቁ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል። ተሸወድኩ እንዴ? (ከኩታበር)

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ገና ነው። ፋብሪካ በብዛት ስለሚያመርት ሁሉንም አፈሙዝ በእጅ አያለሰልስም፤ ውስጡ ባሉት ጠመዝማዛ ቦዮች ላይ የመቁረጫው ጭረት ይቀራል፣ ጥይቱ ሲያልፍ ጭረቱ የመዳብ ልባሱን ይፍቀዋል፣ ጨርቅህን ያቀለመው እሱ ነው። እየተተኮሰ ሲሄድ ይለሰልሳል፣ መዳቡም ይቀንሳል። ግን ስንት ሴንቲ ሜትር ነው የበተነው? እሱን አልነገርከኝም! 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ካረፈልህ ለፋብሪካ አፈሙዝ ደህና ነው፣ እንዲያውም ተመስገን በል። ከዚያ ከሰፋ የጥይት ዓይነት ቀይረህ ሞክር፤ አንዱን የሚጠላ አፈሙዝ ሌላውን ይወዳል።

ቀጭን አፈሙዝ ደግሞ ቶሎ ይግላል፣ ሲግል ጥይቱ የሚያርፍበት ቦታ ይሸሻል። ስለዚህ 3 ተኩስና ቡናው እስኪፈላ ተወው፣ የኩታበር ብርድም ያግዝሃል። ስትወለውል ጥይት አለመኖሩን አይተህ ከኋላ በኩል ጀምር። የመወልወያው ዘንግ ጥይት የሚወጣበትን አፍ ጠርዝ ከፈገፈገው የዒላማው ትክክለኛነት ይበላሻል፣ እሱን ደግሞ ዘይት አያድነውም።